ከሞተርህ ያልወጣው ዘይት

ሰይዴ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? እንግዲህ የእኛን ልንገርህ።

ሂክማ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነበር የምትመስለው፤ አሁን ግን እናትህን መስላለች። እማ ከቀብርህ ማግስት ጀምሮ እኛ ጋር ናት። የባምባሲውን ቤት ለወንድምህ ለከማል ጥላለት፣ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። «ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ስር አላድርም» ብላ ነው። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ የሚለቅመው ስላልነበረ ግማሹ መሬት ላይ በሰበሰ። እኔም ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሕፃናቱን ማስተማሬን አልተውኩም። አንተ ጠዋት ጠዋት ከኋላህ አፈናጥጠህ ታደርሰኝ ነበር። አሁን ከአሶሳ መውጫ ቆሜ ላለፈው መኪና ሁሉ እጄን አነሳለሁ። ዝናብ በጣለ ቀን ጭቃ ለብሼ፣ አርፍጄ እደርሳለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም ባለፈው ጠርቶኝ፣ «ሰዓዳ፣ ኀዘንሽን አውቃለሁ። ግን ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሻል። እንዲህ ከቀጠለ ሌላ ሰው ለመተካት እገደዳለሁ» አለኝ።

ሞተርህን ለማንሳት የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ሞተርህ ከቀብርህ በኋላ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሰዎቹ አውርደው ከቤቱ ጎን፣ ከክዳኑ ስር አስደገፉት። መሪው ተጣሟል፣ የፊት መብራቱ ረግፏል። ሸራ አለበስኩትና ማንም ሳይነካው ቆየ። እማ በዚያ ስታልፍ ፊቷን ወደ አጥሩ ታዞር ነበር።

ስለ አሟሟትህ እዚህ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከማል ነበር የሚነዳው፤ አብዝቶ ሲበር ላም መንገድ ውስጥ ገባችበት፤ አንተ ከኋላ ወደቅህ። ይህንን የተናገረው ራሱ ከማል ነው፤ ለፖሊሱም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለቅሶ ላይ ለመጣውም ሰው። እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ሊቀብርህ ሲመጣ እማ በሰው ፊት ተነሥታ፣ «አንዱ ልጄ አንዱን ገደለብኝ። ዛሬ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ» አለች። ከማል አንገቱን ደፋ። ታጭታለት የነበረችው ልጅ ቤተሰቦችም ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ልከው ጉዳዩን አፈረሱ። የወንድሙ ደም እጁ ላይ ላለ ሰው ልጅ አንሰጥም አሉ። እኔ አልሰደብኩትም፤ ስልኩንም አላነሳሁለትም።

ሞተሩን ለማስነሳት ከምን እንደምጀምር አውቅ ነበር። እሑድ እሑድ ዘይት ስትቀይር ሻይ ይዤልህ ድንጋዩ ላይ አልነበር የምቀመጠው? መጀመሪያ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረህ ሞተሩን ታሞቀዋለህ። ጎኑ የተቆረጠውን ጀሪካን ከስር ታስገባለህ። ቡሎኑን ፈትተህ የፈላው ዘይት እንዳያቃጥልህ እጅህን መንጭቀህ ስታወጣ በልጅ ሳቅ ትስቃለህ። ዘይቱ እየወረደ ጀሪካኑ ውስጥ ሲጠራቀም፣ በጣቶችህ መሃል እያሻሸህ፣ «ሞተር ቤንዚን ቢያጣ ይቆማል እንጂ አይሞትም፤ ዘይት ካጣ ግን ይሞታል» ትለኝ ነበር። ለራስህ ያልሰማኸውን ለእኔ ታስተምር ነበር፣ ሰይዴ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዘይትና ፊልትሮ ገዝቼ ሸራውን ገለጥኩት። እማ ለቅሶ ልትደርስ ሂክማን ይዛ ሄዳለች። አማርኛዋ ዛሬም የሚሰባበረው ጎረቤታችን ሐዋ በአጥሩ ላይ አየችኝና እየሮጠች መጣች።

«ሰዓዳ፣ አንተ ሞተር ይነዳል?»

«እነዳለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ትንሽ አሰበችና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ መሪውን ያዘች። «ወላሂ ጥሩ ነው። እኔ ይይዛል፣ አንተ ይፈታል» አለች።

ላሞቀው ብዬ መርገጫውን ብረግጠው ንቅንቅ አልል አለ። በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤ አልወረደም። ከመቆም ብዛት ነው ብለን ተውነው። የታችኛውን ቡሎን በመፍቻ ያዝኩትና መፍቻውን በእግሬ ገፋሁት። ጥብቅ ብሎ ታስሮ ነበር፤ በስንት ትግል ተፈታ። እጄን እንደ አንተ መንጭቄ አወጣሁ።

ምንም አልወረደም።

ጎንበስ ብዬ ሳይ እንደ ሬንጅ የወፈረ ጥቁር ነገር ከቀዳዳው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ቀስ ብሎ ረዘመ፣ ወደቀ። ሌላም ተከተለው። ሐዋ ሞተሩን ወደ እኔ አዘነበለችልኝ፤ ያም ሆኖ ጀሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው አንዲት ሲኒ እንኳ አይሞላም። በጣቴ ሳሻሸው ቆረቆረኝ። ወደ ብርሃን ሳወጣው ያብረቀርቃል፤ የብረት ብናኝ ነው። የፊልትሮውን ክዳን ፈታሁ። ፊልትሮው ተጨማድዶ፣ ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ወጣ።

«ሰዓዳ፣ ዘይቱ የት ሄደ?» አለች ሐዋ።

ሞተሩ የቆመበትን ሲሚንቶ አየሁ። ደረቅ ነው፤ የፈሰሰ ነገር ምልክት የለበትም። ሆዱን ዙሪያውን በጨርቅ ጠረግሁና ስንጥቅ ፈለግሁ። የለም። ቡሎኑን ራሴ ነኝ በመከራ የፈታሁት። እንግዲህ ይህ ዘይት ሞተሩ እዚህ ሳይመጣ በፊት አልቆ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሐዋ ሞተሩን አስደግፋ ውኃ አመጣችልኝ።

እጄን ታጥቤ ለከማል ደወልኩ። ስሜን ስልኩ ላይ ሲያይ የሞተ ሰው ያለ ነው የመሰለው።

«እትዬ፣ ሂክማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ከማል፣ የወንድምህን ሞተር ፈትቼዋለሁ።»

ወጣ ብሎ በሩን ሲዘጋ በስልኩ ሰማሁ።

«ዘይት የለውም» አልኩት።

«ለምን ነካሽው?» አለኝ። «ነገ እመጣለሁ። እባክሽ ለእማ ምንም እንዳትነግሪያት።»

በማግስቱ መጣ። እግሩን ይጎትታል። የእማን አለመኖር ካረጋገጠ በኋላ ነው ከበር ያለፈው። ጀሪካኑን አየና ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

«እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

ያን ሰሞን አንተም አትረሳውም። ከየገጠሩ ሰው ነፍሱን ይዞ የሚሸሽበት ክፉ ጊዜ ነበር። አንተ እናቶችንና ሕፃናትን እያመላለስክ ቤትህ የምትገባው ልብስ ለመቀየር ብቻ ነበር። ከማል የነገረኝ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው።

«ባምባሲ መጥቶ ቀሰቀሰኝ» አለኝ። «ዓይኑ ቀልቷል። ‹እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው፣ አንተ ንዳልኝ› አለ። አንዲት አራስ አድርሰን ባዶአችንን ወደ አሶሳ ስንመለስ ሞተሩ ማንቋቋት ጀመረ። ‹ጋሼ፣ ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?› አልኩት። ‹እኔ እንጃ፣ ሰነበተ› አለኝ። እንቁም ብዬ ለመንኩት። ‹ተወው፣ ቤት እንድረስ፤ ነገ አየዋለሁ› አለ። ራሱን ጀርባዬ ላይ ጥሎ ተኛ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ደርቆ ተጣበቀ። ጎማው አብሮ ቀጥ አለ። ጎማውን የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።»

«ላሟስ?»

«ላም አልነበረችም፣ እትዬ።»

ለምን ዋሸህ አልኩት። መሬቱን እያየ መለሰልኝ። «ሆስፒታል እማ መጣችና ‹ልጄ ምን ሆኖ ነው?› አለችኝ። ራሱ ነው፣ በገዛ ቸልታው ነው ልበላት? እሱ ለራሱ መልስ መስጠት አይችልም። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስድቡን እችለዋለሁ። አሁንም ተዪው። እንደከበረ ይተኛ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቅህ አልችልም። ተቆጣሁህ። ከማል ከሄደ በኋላ የሞተሩን ወንበር በጡጫ መታሁት፤ አንተን የመታሁ መስሎኝ። የሰው ልጅ ሁሉ አሳዘነህ፤ የራስህ ልጅ ግን አባት እንደምትፈልግ እንዴት ጠፋህ? ዘይቱን ለመቀየር አስቀድመህ ግማሽ ሰዓት ብትቆም ኖሮ! ደግሞ ወዲያው፣ ያቺ አራስ ግማሽ ሰዓት ብትዘገይባት ምን ትሆን ነበር እላለሁ። ሁለቱም ሐሳብ ውስጤ አለ። አንዱ ሌላውን አያሸንፈውም።

የከማልን ልመና ግን አልጠበቅሁም። ከዐስር ሶላት በኋላ እማ ዘንድ ጀሪካኑን ይዤ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ጥቁሩን ነገር አየች፣ እኔን አየች።

«ልጄን ሞቶ እንኳ አታሳርፉትም?» አለች።

«እማ፣ ያለው ልጅሽ…»

«ውጪልኝ!»

ከዚያ በኋላ ያቀረብኩላትን አልበላ አለች። ሐዋ የምታመጣላትን ገንፎ ብቻ ትቀምስ ነበር። ከማል በምላሱ ገዝቷታል ብላ ለጎረቤት አወራች። ቤቱ ሁለተኛ ለቅሶ ገባበት፤ እኔም ምነው አፌን በዘጋሁ ያልኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

አንድ ጠዋት ተነሥታ፣ ሻርፗን ተከናንባ፣ በሩ ላይ ቆመች። «የባምባሲ መኪና ከየት ነው የሚነሣው?» አለችኝ። ታውቀዋለች። አብሬያት እንድሄድ ነው የፈለገችው።

ባምባሲ ስንደርስ ከማል ደጅ ላይ በቆሎ ሲፈለፍል አገኘነው። ሲያያት ብድግ ሊል ፈለገ፣ እግሩ እምቢ አለው። እማ ሰላም እንኳ አላለችውም። አጠገቡ ተንበረከከችና ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበችው። ጠባሳውን ያየችው ገና ያን ዕለት ነው። በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«ስንት ቦታ ነው የተሰበረው?»

«ሁለት ቦታ ነው፣ እማ።»

«ማን አስታመመህ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ደፍታ ጮኸች፤ አንተን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ ስትጮህ አልሰማኋትም። ጎረቤቶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ይቅር በለኝ አላለችውም፤ እሱም አልጠየቃት። ግን ጓዟን ይዛ ወደ ባምባሲ ተመለሰች። ያቺ እጮኛው እንደሆነ ሌላ አግብታ ሄዳለች። እሱን ማንም አይመልስለትም። እማ ደግሞ አንተን ስታነሳ እንደ ድሮው «የኔ ጌታ» አትልም። «ምነው ልጄ፣ ምነው?» ትልና ዝም ትላለች። አንዱን ልጇን ስታገኝ ሌላው ላይ አዲስ ሕመም ታመመች። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም ዝም ስትል ማየት ይከብዳል።

ሞተርህን ከማል ጋራዥ ወስዶት ነበር። ፒስቶኑና ሲሊንደሩ ተቀየረ፣ መሪው ተቃና። ሲመልሰው ዘይቱን እኛው ግቢ ውስጥ ሞላነው። ከማል ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ፣ እኔ አዲሱን ፊልትሮ አስገብቼ፣ ክዳኑን አስሬ፣ ዘይቱን በማንቆርቆሪያ አፈሰስኩ። ማር የመሰለ ነው። ሲነሣ ድምፁ የድሮው አይደለም፤ የሌላ ሰው ሞተር ይመስላል። ከማል አላስቻለውምና ወደ አጥሩ ዞሮ ቆመ።

አሁን ወደ ጾሬ እየነዳሁ እሄዳለሁ። ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ አንዱን ክንዴ ይነግርሃል። ቁልቁለት ላይ ጣቴን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጌ ነው የምወርደው። ያም ሆኖ አላረፍድም።

ሰይዴ፣ እዚህ ስምህ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ያዳንካቸውን ነው። እውነት ነው፤ አንዳንዷ እናት ልጅ አዝላ እስከ ደጃችን መጥታ አልቅሳልሃለች። ሂክማም ይህንን እየሰማች ታድጋለች። ስትበስል ግን የቀረውን እኔ እነግራታለሁ፤ ደክሞህ እንደነበር፣ ወንድምህ ቁም ብሎ እንደለመነህ፣ አንተም ነገ እንዳልክ። ትቆጣሃለች። ትቆጣህ፤ አብሬያት እቆጣለሁ፣ አብሬያትም አለቅሳለሁ። አላህ ይዘንልህ። እኔ ያገባሁት ሰው ደግም ነበር ቸልተኛም ነበር፣ የማስታውሰውም ያንኑ ሰው ነው። ግማሽህን ለማስታወስ ብዬ ግማሽህን አልቀብርም።

ሚስትህ ሰዓዳ