የእማዬ ጆሮና አዲሱ ላፕቶፕ

ይድረስ ለናፈቅከኝ ወንድሜ፣ ከልጅነትህ ገመድ ስትነካካ ሽቦ ብለን ለጠራንህ፤

እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ እንዴት ነው? ባለቤትህስ ደኅና ናት? የሌሊት ፈረቃው ቀረልህ ወይስ አሁንም ሰው ሲነሣ ትተኛለህ? እኛ እጅግ ደኅና ነን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የሰፈረ ውሸት ዕድሜው ረጅም ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ግራ ያጋባን ነገር አለ፤ ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ እሑድ እሑድ ስልኩ የእማዬ ስለሆነ ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ "በል ደኅና ሁን" የምትለዋ ብቻ ናት።

ከሁሉ በፊት የላክህልን ላፕቶፕ በሰላም ደርሷል፤ እጅህ ይባረክ። ባለቤቴ ቅጥነቱን አይቶ የቀረውን ግማሹን ማን ወሰደው ብሎ ነበር። ለምን እንደፈለግነው ግን በግማሽ ነው የነገርኩህ። አሁን ሙሉውን ስማ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ እማዬ መስማት አቁማለች። የጆሮ መስሚያ መሣሪያዎቿ ከጆሮዋ አይለዩም፤ ጠዋት ታደርጋቸዋለች፣ ሻሿን ከላይ ታስርባቸዋለች፣ ማታ ታወልቃቸዋለች። ግን ከኋላዋ ድስት ቢወድቅ ዞር አትልም። ቤቱ በሙሉ ጯሂ ሆነ። ባለቤቴ እንደምታውቀው ቀለም ቀቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሆኖ ሲጮህ ይውልና ማታ ደግሞ ከእኛ ጋር ይቀጥላል። ጎረቤታችን የተጣላን መስሎት ሁለት ጊዜ ሊገላግለን መጥቷል፤ በሁለተኛው ጊዜማ የመጣው ነጠላ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነው።

የሚገርመው ግን እሑድ ከአንተ ጋር ስታወራ ትሰማለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ትመልሳለች፣ ትቆጣሃለች። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ባለቤቴን ብጠይቀው የልጅ ድምፅ በአጥንትም ይሰማል አለኝ። እኔስ ጎረቤት ነኝ እንዴ? ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ከሁለት ወር በፊት ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ከኋላዋ የሚመጣ ሞተር ሳይክል ጡሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ አልሰማችም። ክንዷን ገጭቷት አለፈ። ስብራት የለም፤ በልዞ ነበር፣ አሁን ድኗል። ያን ዕለት አለመንገራችንን ይቅር በለን፤ ከሩቅ ሆነህ ከመጨነቅ በቀር ምን ታደርጋለህ ብለን ነው። ባለቤቴ ግን ጆሮዋ ሳይስተካከል ብቻዋን ከበር አትወጣም ብሎ ቆረጠ፤ እኔም ደገፍኩት። የክርና የአዝራር ሱቋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። እሷም ቤት ቁጭ ብላ የተሰፋ ትተረትራለች፣ የተረተረችውን መልሳ ትሰፋለች። ይባስ ብሎ የገበያው ኃላፊ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልተከፈተ ለተጠባባቂ እሰጠዋለሁ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። አባባ ካረፈ ወዲህ እማዬን በእግሯ ያቆማት ያ ሱቅ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እሱን ከወሰዱባት ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈልግም።

እንግዲህ መስሚያው ተበላሽቷል፣ ይስተካከል አልን። ያቺ የጆሮ ባለሙያ ክሊኒኳን ዘግታ ስትሄድ መስሚያውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ሳጥንና ፕሮግራሙን ለአንተ አስረክባህ፣ በየስድስት ወሩ እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጠህ ድምፁን ስታስተካክልላት አይረሳኝም። ፕሮግራሙ የነበረበት አሮጌ ላፕቶፕ ግን አንተ በሄድክ በሦስተኛው ወር እስከ ወዲያኛው ጠፋ። አዲስ ላክልን ያልኩህ ለዚህ ነው። ሰክቼ የምገላገል መስሎኝ ነበር፤ የዋህነቴ!

ሳጥኑን ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው "ያልታወቀ ዕቃ" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አወቅከውም አላወቅከውም ሥራህን ሥራ ብዬ ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት። እምቢ። አንሥቼ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሄድኩ፤ ያ የተሰባበረ ነገር ሁሉ ሲያመጡለት "አይሞትም" እያለ ስሙ አይሞትም ሆኖ የቀረው። እንዳስረዳኝ ከሆነ ፕሮግራማችን የድሮ ነው፣ የሚሠራውም ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው በድሮው ሲስተም ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የድሮውን ሲስተም መጫን ነው። አዲስ ቤት ሠርቶ አሮጌ በር መግጠም ማለትህ ነው ወይ ብለው፣ በሩስ ይገጥማል፣ ችግሩ ማጠፊያው ነው አለኝ። ማጠፊያው ድራይቨር ይባላል። ለስክሪኑ፣ ለማውሱ፣ ለድምፁ፣ ለኢንተርኔቱ ለእያንዳንዱ የየራሱ አለው፤ ሲስተሙና ዕቃው የሚግባቡት በእሱ ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንድ ቤት ተቀምጠው አይነጋገሩም።

የድሮውን ሲስተም በፍላሽ ገልብጦ ሲያስነሣው "ቀጥል" የሚል ቁልፍ መጣ፤ ደስ አለን። ቀጥል እንዳንለው ግን ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ኪቦርዱም አይሠራም። ሌላ ማውስ ሰካን፤ ሆዱ ሥር ቀይ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ግን ፍንክች አላለችም። ሲስተሙ በተሠራበት ዘመን እንዲህ ያለ መሰኪያ ስላልነበረ ማውስ መሰካታችንን ጨርሶ አያውቅም አለ አይሞትም። ማውሱን የሚያስተዋውቀውን ድራይቨር ለመጫን ደግሞ ማውስ ያስፈልጋል። "ቀጥል" በምትል አንዲት ቃል ፊት ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፍጥጠን ተቀመጥን። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ እንዲህ ግራ ተጋብቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ድራይቨሩን በሌላ ኮምፒውተር አድርጎ ፍላሹ ውስጥ ጨመረበትና ማውሱ ተንቀሳቀሰ፤ አጨበጨብኩ። ወዲያው ደግሞ ሲስተሙ ዲስክ አላገኘሁም አለ። አይሞትም የላፕቶፑን ሆድ በመፍቻ ፈትቶ ዲስኩን አሳየኝ፤ እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ዓይናችን እያየው የለም ይላል! ለእሱም ሌላ ድራይቨር ተፈለገ። እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ትስማማላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ባለቤቴ ያን ዕለት ሊረዳን መጥቶ (እርዳታው በቀረብን) እስካሁን ለሁሉም ስንስማማ ቆይተን አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘ ብሎ ተጫነው። የሠርጋችሁ ፎቶዎች እዚያ እንደነበሩ ያወቅነው ከጠፉ በኋላ ነው። ባለቤትህን እግሯ ሥር ወድቀን ይቅርታ ጠይቀናል በላት፤ ቅጂ ካላችሁም እንደገና ላኩልን።

ሲስተሙ ተጫነ። የስክሪኑ ፊደል ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ድምፅ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። የኢንተርኔቱ ድራይቨር የት ይገኛል ብለው ኢንተርኔት ላይ አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በራሱ ኮምፒውተር እያወረደ በፍላሽ ያመላልስ ጀመር። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል፤ ስክሪኑ ልክ ሲገባ ድምፁ ጠፋ፣ ድምፁ ሲመጣ ማውሱ ደረቀ። በእኛ ስፌት ቤት እጅጌ ሲገባ ኮሌታ ወልቆ አያውቅም፤ ይህ ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ እንጃ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ መንገዴ ወደ እሱ ሆነ። መጨረሻ ላይ የቀረው የሳጥኑ ድራይቨር ነበር። ከሳጥኑ ሥር የተለጠፈችውን ቁጥር መነጽሬን አድርጌ አነበብኩለት፤ ፈልጎ ፈልጎ አንድ የማናውቀው ደግ ሰው ካስቀመጠበት አገኘውና ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴዋ መብራት በራች። አላልኩሽም፣ አይሞትም! አለኝ።

እየበረርኩ ቤት ሄጄ እማዬን መስሚያዎቹን ስጪኝ ብላት አመነታች። አርጅተዋል፣ አትድከሚ አለችኝ። በግድ ተቀብያት ተመለስኩ። አይሞትም ሲከፍታቸው ባትሪ የለባቸውም። አንቺ ነሽ ያወጣሽው ቢለኝ ኧረ እኔ አልነካሁም አልኩት። ደግነቱ የሳጥኑ ገመድ ራሱ ኃይል ይሰጣቸዋል። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ግራና ቀኝ ጆሮዋ በሰማያዊና በቀይ መስመር መጡ። ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ ወንድምሽ ሊሄድ ሲል እንዳስተካከለው ነው፣ ምንም አልተበላሸም አለኝ። ታዲያ ለምን አትሰማም ስለው ጣቱን ከታች ባለች አንዲት መስመር ላይ አሳረፈ። ከመጨረሻው ማስተካከያ ወዲህ የሠራበት ጊዜ፣ በቀን በአማካይ ዐሥር ደቂቃ ትላለች።

በቀን ዐሥር ደቂቃ መስሚያ የሚያደርግ ሰው ማን ነው? የፕሮግራሙ ስሕተት ነው፣ አንድ ድራይቨር ሳይጎድለው አይቀርም ብዬ ተከራከርኩ። አይሞትም አማካይ ማለት በየቀኑ ማለት አይደለም አለኝና ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ዐሥር ደቂቃ ሰባት ጊዜ ሲሆን ሰባ ደቂቃ። እሑድ ከአንተ ጋር የምታወራውን ያህል ነው።

ቤት ስደርስ እንዲህ ያለውን ነገር እየጮህኩ መጠየቅ ከበደኝ። ባዶዎቹን መስሚያዎች መዳፏ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ገባት። ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የአዝራር ቆርቆሮዋን አወጣች፤ ከአዝራሮቹ ሥር የላክህላት ባትሪ በሙሉ ከነማሸጊያው ተደርድሯል። የተከፈተው አንድ እሽግ ብቻ ነው። ከእሱ ሁለት አውጥታ አደረገችና ሽቦ ሲሄድ ባትሪው እዚህ ስለማይገኝ ቆጥቢ አለኝ፣ ቆጠብኩ አለችኝ። እውነት ነው፣ በሩ ላይ ቆመህ ስትነግራት እኔም ነበርኩ። አንተ ማለትህ ስትተኚ አጥፊው ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ምን ያስቆጥብሻል ብላት፣ ይህም ሲያልቅ የሚያመጣው መንገደኛ ቢጠፋስ አለች። ቀጥላም እናንተን ፊታችሁን እያየሁ እረዳችኋለሁ፣ እሱን ግን ያለ ጆሮዬ በምን አገኘዋለሁ አለችኝ።

ወንድሜ፣ አለቀስኩ። ዕንባዬ ሳይደርቅ ደግሞ ተናደድኩ፤ ለመሆኑ ሞተር ሲገጭሽ እንኳ አፍሽ አይከፈትም ወይ አልኳት። ሞተሩ እሑድ ቢመጣ ኖሮ እሰማው ነበር አለችኝ። ይህችን ሴት ምን ትላታለህ? ከእንግዲህ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ ብላ ቃል ገባችልኝ። ሐሙስ ጠዋት ሻሿን ገለጥ አድርጌ ሳይ መስሚያው ያለ ባትሪ ባዶውን ነው። ዓርብም ባዶውን ነው። ባለቤቴ ቢቆጣ፣ እኔ ብለምን፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ለነገሩ ምን እንዳልናት አልሰማችም። አይሞትምን ብጠይቀው ለዚህኛው ድራይቨር የለኝም አለኝ።

አንተው ራስህ አትቆጥቢ እንድትላት አስቤ ነበር፤ እሺ ልጄ ትልህና ብሶባት ትቆጥባለች፣ ታውቃታለህ። ስለዚህ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ አንድ መላ መጣልኝ። ነገ እሑድ እንደ ልማድህ ደውል፣ ምንም እንዳወቅህ አትሁን። ስትጨርስ ግን ከነገ ወዲያ ጀምሮ በየቀኑ እደውልልሻለሁ በላት፤ ሁለት ደቂቃም ብትሆን ትበቃለች። ሰዓቱን ግን እንዳትነግራት። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ አድርገው። ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከትቼ ሰኞ ሱቋን አስከፍታታለሁ። መቼ እንደምትደውል ካላወቀች አታወልቀውም። አንተን ስትጠብቅ ሞተሩንም፣ ደንበኛውንም፣ እኔንም ትሰማለች። ፖስታው እስኪደርስህ ወሩ ስለሚያልቅ ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ ዛሬውኑ በስልክ እልክልሃለሁ።

ባለቤቴ አንገትህን አቅፎ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ፎቶዎቹ አሁንም ዓይኔን ማየት ያፍራል። አይሞትም የመሣሪያ ናፍቆትህን ተወጣ ብሎ የተረፉትን ብሎኖች ሊልክልህ ነበር፤ ከየት እንደተረፉ እሱም አያውቅም። ጎረቤታችን ስላስታረቀን ምስጋና ይጠብቃል። ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ መጻፌን ስለማታውቅ ሰላምታ አልላከችም፤ የእሷን ሰኞ፣ በፈለግከው ሰዓት፣ ከራሷ አፍ ትቀበላለህ።

የምትወድህ እኅትህ
ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ቅዳሜ፣ ጥር 22 ቀን