ነጭዋ በግ ለምን ዞረች

ልጄ አንዷለም፣ በሄድክበት ሁሉ መድኃኔዓለም ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱንም ዘንድሮ ውርጭ ስቶታል። በስልክ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ነጭዋ በግ ባለችበት ስትዞር ከርማ ሞተች፤ ዓምና እናቷም እንዲሁ ሆና ነበር። ጎረቤታችን ጥሩሸዋ «እንዴት አምራለች» ብላ ስላየቻት፣ ዓይኗን ጠርጥሬ ሰላምታ ነሳኋት። የእንስሳት ሐኪሙ ግን የበጓን ጭንቅላት ፈልጦ አንጎሏ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አሳየኝ። «የዓምናዋን ጭንቅላት ውሻ በልቶት ይሆናል፤ በሽታው ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሳሩ፣ ከሳሩ ወደ በጎቹ ይሄዳል» አለኝ። እውነት ነው፣ ለውሻህ ሰጥቼው ነበር። ሐኪሙ የጥሩሸዋ የክርስትና ልጅ ስለሆነ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ለማንኛውም ውሻውን አስሬዋለሁ።

ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ጥሩሸዋን ደውለህ ሰላም በልልኝ፤ እኔ አፍሬአለሁ። ስንት በግ አላችሁ ካለችህ ግን፣ አላውቅም በላት።

እናትህ ቦጋለች