ማንም አልሞተም

ዓርብ

ሽማግሌ እሑድ ይሄዳል። አለቀ፣ ደቀቀ። ዛሬ ጠዋት ከናይሮቢ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልከፍት ለእናቴ ወንድም ለጋሽ ደምሴ ደወልኩላቸው። ቀጣዩ ሾው ብራስልስ ነው፤ ሐሙስ እበራለሁ። የባንዱ ልጆች እረፍት አገኘን ብለው ላንጋኖ ወርደዋል። እኔ ሚስት ልጠይቅ ነው።

ምሳ ከቦንቱ ጋር ቦሌ መድኃኔዓለም። ዓርብ ስለሆነ በየዓይነቱ በላን፤ እሷ በላች ብል ይሻላል፣ እኔ እንኳን ምግብ ውሃም አልወርድ ብሎኛል። «አባዬ እኮ አይበላህም» ትለኛለች። አባቷ ጋሽ ቱሉ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራበት በፊት እዚያ የኖሩ፣ መሬቱን ያረሱ ሰው ናቸው። እኔ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ነው የምኖረው። ከቤታቸው በእግር የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ ግን አንድም ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም።

የሚያስጨንቁኝ፦ የጋሽ ደምሴ አፍ። የጋሽ ቱሉ መልስ። ከንፈሬ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ጥቂት ቀን ካልነፋ ከንፈሩ ይሰንፋል፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ማፈኛዬን ናይሮቢ ሆቴል ረስቼው መጣሁ። ያለሱ ቤት ውስጥ ብነፋ ጎረቤት ያብዳል። የምንለማመድበት የጉርድ ሾላው ስቱዲዮ ቁልፍ ደግሞ ከድራመራችን ጋር ላንጋኖ እየዋኘ ነው።

እሑድ

ሄዱ። ጋሽ ደምሴና ሁለት ጓደኞቻቸው፣ ሦስቱም ነጭ ለብሰው። መቼም ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ቆመው ተናገሩ፣ ቆመው ሰሙ፣ ቆመው ተመለሱ።

«ልጄን ውጭ አገር አልሰድም» አሏቸው ጋሽ ቱሉ።

ውጭ አገር ማን አለ? ጋሽ ደምሴን ወጥሬ ያዝኳቸው። ለካ «ልጁ ምን ይሠራል?» ሲባሉ ሙዚቀኛ ነው ማለት አፍረው «ውጭ አገር ነው የሚሠራው» ብለው አርፈዋል። «አዝማሪ ነው ልበል እንዴ ሰው ቤት ቆሜ?» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ለሳቸው ሥራ ማለት ቢሮና ማኅተም ነው። ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ።

ሰኞ

ቦንቱ ከሥራ ደወለች። ለአባቷ እውነቱን ነግራቸዋለች፤ ልጁ እዚሁ ነው የሚኖረው፣ ደርሶ ነው የሚመለሰው ብላ። «ሽማግሌ ይዋሻል እንዴ?» ብለው ዘጉባት። እውነትም፣ ሦስት ሽበታም ቆሞ ከተናገረው የልጅ ቃል ይበልጣል?

ጋሽ ደምሴን ተመልሰው እንዲሄዱ ለመንኳቸው። «በሳምንት ሁለቴ ሽማግሌ ይላካል? ወር ይቆይ» አሉ። ከብራስልስ በኋላ ገና ብዙ ከተማ ይቀረናል፤ በወሩ የት እንደምሆን እኔም አላውቅ። ትራምፔቱን ዛሬም አልነካሁትም።

ማክሰኞ

ይሄን ዛሬ ካልጻፍኩ ነገ ራሴም አላምነውም።

ገና ሳይነጋጋ ትራምፔቴን ይዤ፣ ብሎኮቹን አልፌ ባዶው ሜዳ ላይ ወጣሁ። ከንፈር የሚያጠነክረው ረጅም ድምፅ ነው፦ አንድ ኖታ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ። ትንሽ ዕረፍት። ደግሞ አንድ። ተመችቶኝ ዓይኔን ጨፍኜ እነፋለሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰው ከቦኛል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች። አንዷ ማልቀስ ጀምራለች። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ከሜዳው ማዶ ያለው ነባሩ ሰፈር ዕድር እስካሁን ሞት የሚያስታውቀው በጡሩምባ ነው። ነፊው ነፍቶ ሲጨርስ የሟቹን ስም ይጠራል። እኔ ስም ስለማልጠራ ሰዉ ሊሰማ እየተጠጋ፣ እየተጠጋ አጠገቤ ደርሷል።

«ማነው የሞተው?» አሉኝ ምርኩዝ የያዙ አንድ አባት። የዕድሩ ዳኛ ነኝ አሉ።

«ማንም አልሞተም አባቴ። ልምምድ ላይ ነኝ።»

«ሞት ትለማመዳለህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሙዚቀኛ ነኝ፣ እዚያ ብሎክ ነው የምኖረው፣ ውጭ እየሄድኩ ተጫውቼ እመለሳለሁ አልኳቸው።

«ትመለሳለህ?»

«ቤቴ እዚህ ነው፤ የት እሄዳለሁ?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንግዲህ ሰፈሩን አስደንግጠሃል። ያስደነገጥከውን አስደስት።»

የሠርግ ዜማ ነፋሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ናይሮቢ መድረክ ላይ እንኳ እንደዚያ አልነፋሁም። ስታለቅስ የነበረችው ሴትዮ እንባዋን ሳትጠርግ እልል አለች። ሽማግሌው በምርኩዛቸው መሬቱን እየመቱ አጀቡኝ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ዛሬስ ዕድሩ ለሠርግ ጠራን» አላቸው አንዱ።

ጋሽ ቱሉ! ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ሰው ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም፤ ብናገር ነውር ነው፣ ያለው ተስፋም ይበላሻል። እጅ ነሥቼ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ከዓይናቸው ስርቅ ሮጥኩ፣ ቀጥታ ጋሽ ደምሴ ቤት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ረቡዕ

ተመልሰው ሄዱ። ሌሊቱን ሳያስቡበት አላደሩም መሰለኝ፣ ዛሬ ጋሽ ደምሴ አልተከራከሩኝም። እኔ ታክሲ ተራው ጋ ስልኬን ጨብጬ ቆምኩ። ተደወለ።

«ተቀምጠናል» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም።

መንገድ ላይ ጮህኩ። ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ «ምን ሆንክ የኔ ልጅ?» አለችኝ። «ተቀመጡ» አልኳት። ምኑም ሳይገባት «እሰይ» አለች። ከልቧ ነው ያለችው።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ነው የገቡት። ያ ኩሩ ሰውዬ። «እሑድ አፍረን ደብቀንዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉን። ልጁ ሙዚቀኛ ነው፣ ጡሩምባ ይነፋል። የሚኖረው እዚሁ ጎረቤትዎ ነው» አሉ።

ጋሽ ቱሉ በምርኩዛቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ አሉ። ከዚያ፣ «ያ ማንም አልሞተም ያለኝ ልጅ?»

«እሱው ነው።»

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ድንጋዩን ያውርዱት። አዝማሪ ነው ብትሉኝ እሑድም አልከለክልም ነበር። መሬቱ ሄዷል፣ ልጄም ሄዳ እንዳትቀርብኝ ነው የፈራሁት። በሉ ቁጭ በሉ።»

ሐሙስ

ቦሌ ኤርፖርት፣ የመሳፈሪያው በር እስኪከፈት እየጠበቅሁ። ቦንቱ ሸኘችኝ፤ ስንሰነባበት አባቷን በስልኳ አገናኘችኝ።

«ሳይነጋ እንዳትነፋ» አሉኝ መጀመሪያ።

«እሺ አባቴ።»

«ስትመለስ ደግሞ መጣሁ ብለህ እንዳትደውል።»

ደነገጥኩ። ምን አጠፋሁ ደግሞ?

«ሜዳው ላይ ቆመህ ያን የሠርግ ዜማ ንፋ። ለዕድርተኛው ተናግሬአለሁ። ረጅሙ ከተነፋ ሞት ነው። ያ ዜማ ከተነፋ የቱሉ ልጅ ገብቷል ማለት ነው።»

የቱሉ ልጅ።

ብራስልስ ምንም አያስፈራኝም፤ ከንፈሬም ደህና ነው። ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ዜማውን እንዳልስት ነው የምፈራው።