የእናትሽ ጉልበት ደህና ነው

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለድንቡሼ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንዴት ሰነበተ? "ድንቡሼ" ብዬ መጻፌን ባልሽ አይቶ ቢስቅ ይሳቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠራሁሽን ስም ቀጥነሻል ብዬ አልለውጥም። ደግሞም እናትሽ የሰሞኑን ፎቶሽን አይታ "ወደ ስሟ እየተመለሰች ነው" ብላለች።

አባቴ ደብዳቤ መጻፍ ከየት አመጣ እንዳትዪ። ስልኩ የእናትሽ ነው። ታውቂያታለሽ፣ ድምፁን ለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ነው የምታወራው። የሐኪም ቀጠሮሽን ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። እኔ የምነግርሽ ደግሞ እሷ እንድትሰማ የማልፈልገውን ነው። አሁን ገበያ ወጥታለች፤ እኔም የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጠርጌ ተቀምጫለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ጠመኔ እንጂ እስክሪብቶ ስላልለመድኩ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። የእናትሽ ጉልበት ደህና ነው።

እሁድ "ጉልበቴን አሞኛል፣ ለወሊድሽ መምጣቴን እንጃ" ስትልሽ ድምፅሽ ሲቀየር ሰምቻለሁ። "እሺ እማዬ፣ ጤናሽ ይቅደም" ብለሽ ዘጋሽው። ከወለድሽ በሦስተኛው ሳምንት ባልሽ ወደ መርከቡ እንደሚመለስ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ከሕፃን ጋር ብቻሽን እንደምትሆኚ እያወቅሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ስልኩን እንደዘጋሽ እናትሽ የእርጥብ ልብስ ባልዲ አንጠልጥላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ሰገነት ላይ ወጣች። በዚያ በታመመ ጉልበቷ!

ታዲያ ለምን ዋሸችሽ? ፈርታ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣ ሰካራም ተሳፋሪ በኮሌታው ይዛ የምታወርድ ሴት፣ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ፈርታ ነው።

ነገሩ የጀመረው የምትገዢውን እቃ ፎቶ የላክሽላት ቀን ነው። በባትሪ የሚወዛወዝ አልጋ፣ የገላ ውሃ ሙቀት የሚለካ የፕላስቲክ ዓሣ፣ የሕፃን ትንፋሽ የሚያዳምጥ ካሜራ፣ ሦስት ዓይነት ጋሪ። "እማዬ፣ ለእኔ የትኛው ጠቅሞሽ ነበር?" ብለሽ ጠየቅሻት። አራት ቀን ሙሉ ፎቶዎቹን ስታይ ከረመች። በአምስተኛው ቀን የልብስ ስፌት ሱቄ ገባችና በሹክሹክታ፣

"አንተ፣ ይቺ ልጅ በምን ነበር የምትተኛው?" አለችኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ተቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ ደገፍ በይ። አንቺን ያጠብኩሽ፣ ያስተኛሁሽ፣ ያስገሳሁሽ፣ ድክ ድክ ያስባልኩሽ እኔ ነኝ።

እናትሽ ሁለት ወር ተኩል ሲሆንሽ ሥራ ተመለሰች። አውቶቡስ የሰጧት በቅርቡ ስለነበር ብትቀር ሌላ ሹፌር ይቀመጥበታል። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሲመሻሽ ትገባለች። እኔ ደግሞ ሱቄና ቤቴ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ማን ይያዝሽ? ችግሩ የሰው አፍ ነበር። አክስትሽ፣ የገዛ እህቴ፣ "ወንድሜ ሞግዚት ተቀጠረ" እያለች በየሄደችበት ታስቅብኛለች። እናትሽን ደግሞ "አራስ ልጇን ጥላ መሪ ትጨብጣለች" ይሏታል። ስለዚህ ተማከርንና ለጠየቀን ሁሉ "ሁሉንም እናቷ ናት የምታደርገው፣ ሱቅ ውስጥ እንዲያው ተኝታ ነው የምትውለው" ማለት ጀመርን። ውሸት ሲቆይ ቤተኛ ይሆናል። አንቺ አድገሽ ስትጠይቂም በዚያው ገፋንበት። ስለ ሕፃንነትሽ እናትሽ ያወራችልሽ ሁሉ፣ እኔ በየምሽቱ እራት ላይ ያወራሁላት ነው።

ስለዚህ የእቃውን ነገር እኔን ጠይቂኝ። በባትሪ የሚወዛወዘውን አልጋ ተዪው። ያንቺን አልጋ ከጣውላ ሳጥን ሠርቼ፣ ሥሩን ቅስት አድርጌ ጠርቤ፣ በገመድ ከስፌት ማሽኔ መርገጫ ጋር አስሬው ነበር። እኔ ስረግጥ ማሽኑ ይሰፋል፣ አልጋሽ ይወዛወዛል። ጉዳቱ፣ ማሽኑ ቀጥ ሲል አንቺም ትነቂያለሽ። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብለሽ ስረግጥ ስረግጥ፣ እግሩን እንዳሳጥርለት የተሰጠኝን የሰው ሱሪ ከታች እስከ ወገቡ ገጥሜ ሰፋሁት። ባለቤቱ ሊለካው እግሩን ቢከት ቢከት መግቢያ አጣ። "ሱሪ ነው ከረጢት?" አለኝ። እኔ ግን አንቺን አስተኝቼ ስለነበር ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጋሪ ከገዛሽ ጎማው ትልቁን ግዢ። እኔ ግን ጋሪ አላየሁም፤ በማዘያ ጀርባዬ ላይ አስሬሽ ነበር ደንበኛ የምለካው። ጎንበስ ስል በትከሻዬ ብቅ ትዪና ሜትሩን ትነጥቂያለሽ። መላጣ ሰው የመጣ ዕለትማ እጅሽን የሚመልሰው አልነበረም። ዓሣውን ለመጫወቻ ግዢው፣ ውሃውን ግን በክርንሽ ለኪ። የሽንት ጨርቅሽን ከሸሚዝ ትራፊ ነበር የምሰፋልሽ። የዚያ ኮስታራ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሸሚዝና ያንቺ የሽንት ጨርቅ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ መሆናቸውን ሰውየው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ማግኔት ነው። የልብስ ሰፊ ወለል መርፌ በመርፌ ነው፤ አንቺ ደግሞ በስድስት ወርሽ መዳህ ጀመርሽ። በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ማግኔት አስሬ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወለሉን እዳብስ ነበር። አንድም ቀን መርፌ አልነካሽም። በሰፋኋቸው ልብሶች ሁሉ ያልኮራሁትን ያህል በዚህ እኮራለሁ።

እናቴ ጥላኝ ነበር ግን እንዳትዪ። መስመሯ በሱቃችን በር ነው የሚያልፈው። ሁለቴ ጡሩምባ ስትነፋ አንቺን ይዤ ብቅ እላለሁ፤ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ያውለበልብልሻል። ቀትር ላይ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እወስድሻለሁና የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታጠባሻለች፤ ሰው ውጪ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ተቆጣጣሪው መጥቶ "ምን ያቆምሻል?" ቢላት፣ "ነዳጅ እየሞላሁ ነው" አለችው። ሰውየው ፊቱ ቀልቶ ሄደ።

ያንቺ ጥያቄ ሲመጣ ግን ገላ ማጠቡን ላስተምራት ተስማማን። ሦስት ኪሎ ሩዝ በጨርቅ ሞልቼ፣ አንገቱ የሚልመሰመስ አሻንጉሊት ሰፋሁና "አለቃ" አልነው። ሳፋ ውስጥ አጠብነው። በማግስቱ ብናየው ሩዙ ውሃውን ጠጥቶ አለቃ እጥፍ ሆኗል፣ ጀርባው ተተርትሯል። "ልጃችን ቶሎ አደገ" ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሁለተኛውን አለቃ በአሸዋ ሠራሁት። ቅዳሜ ዕለት ሳሙና ስትቀባው ከእጇ ሙልጭ ብሎ በጭንቅላቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሳችውም። ቆማ ስታየው ቆየችና እጇን በፎጣ አድርቃ "ጉልበቷን አሟታል በላት" አለችኝ። እኔ እምቢ ስላልኩ ነው እሁድ ራሷ የነገረችሽ።

ልጄ፣ ላሳጣት ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። ደውለሽ "ምንም ባታደርጊ አጠገቤ ተቀመጪ" በያት። እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳታውቅ።

ሌላም የማታውቀው ነገር አለ። መጀመሪያ የተራመድሽው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው። የሰፈሩን ፖስተኛ ወገቡን እየለካሁት ሳለ የጠረጴዛውን እግር ለቀሽ ሦስት እርምጃ ሄድሽና ሱሪውን ያዝሽ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ወዲያው ግን እናትሽ ትዝ አለችኝ። እሷ ሳታይ! ፖስተኛውን ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። በየምሽቱ እናትሽ ስትገባ ጠረጴዛው አጠገብ አቁሜሽ "ነይ፣ ነይ" ብልሽ ሁለት ቀን እምቢ አልሽ። በሦስተኛው ሄድሽላት። እናትሽ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ "መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ!" አለች። እስከ ዛሬም እንደዚያው

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን

ማክሰኞ እዚህ ላይ ስደርስ እናትሽ ከገበያ መጣችብኝና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። መቼም ሞኝ ነኝ። መሳቢያው የመቀስ መሳቢያ ነው። ትናንት ከሰዓት ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዤ ስመለስ፣ በአንድ እጇ መቀስ በሌላው እጇ ይህን ደብዳቤ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ያለቀልኝ መሰለኝ።

"ያ ፖስተኛ" አለች፣ "የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ አውቶቡሴ ውስጥ ገብቶ 'እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ ሄደች!' ብሎ አወጀ። ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበልኝ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አንተ ለእኔ ብለህ ስትደብቅ እንዴት ላፍርስብህ? ሦስት ቀን ሙሉ መሪ ላይ ሆኜ ጩኸቱን ስለማመድ ነበር እኮ።"

እንዲህ ከሳቅን ስንት ዓመት እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመና ዓይኗ እንባ ሞላ። "የመጀመሪያውን ግን አላየሁትም" አለች። "የዚህኛውን ማየት ፈልጌ ነበር። ብጥለውስ? የልጄን ልጅ በእጄ ብጥለውስ?"

መቃብር ይዤው የምገባ የመሰለኝ ነገር ከአፌ አመለጠ።

"እኔም ጥያታለሁ።"

"ምን?"

"አምስት ወር ሲሆናት። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቻት ክር ላነሳ ዞር ስል ተገለበጠችና ወደቀች። ደግነቱ ታች የኮት ትከሻ የምሞላበት ጥጥ ተከምሮ ነበር።"

ልጄ፣ ይኸው አንቺም አወቅሽ። ጥጡ ላይ ተዘርግተሽ ወደ ላይ አየሽኝና ሳቅሽ። እኔ ግን ሱቁን ዘግቼ እስኪመሽ አቅፌሽ ተቀመጥኩ። ያን ምሽት እራት ላይ ለእናትሽ ሁሉንም አወራሁላት፣ ይሄን ብቻ ዘለልኩት።

መቀሱን ትወረውርብኛለች ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ሜትሩን ወረወረችብኝ። "ሠላሳ አንድ ዓመት! ዓይንህን በጨው ታጥበህ!" እያለች በሱቁ ዙሪያ አሯሯጠችኝ። አንድ ደንበኛ በር ላይ ደርሶ አየንና ተመለሰ። ሲደክማት የእኔው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ብታዪው ከባድ ሸክም ያወረዱላት ነው የምትመስለው።

"እና አንተም ትፈራ ነበር?"

"በየቀኑ።"

"ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ለአንተ ቀላል ይመስለኝ ነበር።"

እጇን ያዝኩ። ተነሳችና "እንግዲህ አንተም እሷም እንደምንም አድጋችኋል" ብላ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ልታወርድ ገባች። እንግዲህ ትመጣልሻለች። ለቪዛ በእሷ ስም የላክሽው የግብዣ ወረቀት እንዳለ ነው፣ አስቀምጣዋለች።

እኔ እዚሁ ነኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ ይመጣል፣ ሱቁም ሰው ይፈልጋል፤ አራስ ቤት ደግሞ እናት እንጂ ልብስ ሰፊ ምን ይሠራል? ልጁ ሲወለድ ከሐኪሟ ቀጥሎ ለእናትሽ አሳቅፊያት። ለእኔ ለቅሶውን በስልክ ካሰማሽኝ ይበቃኛል።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። እንቅልፉን ረጅም፣ ለቅሶውን አጭር ያድርግልሽ። ባልሽን ባሕሩ በደህና ይመልስልሽ። ልጅሽ ያንቺን እጅ ይዞ ድክ ድክ ሲል ለማየት ያብቃሽ። ሰላም ሁኚልኝ፣ የእኔ ድንቡሼ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ልብስ ሰፊው

ከእናትሽ፦ ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ አንብቤዋለሁ። እመጣለሁ። ማጠብ አልችልም፣ ማስተኛትም አልችልም፤ አንቺም ገና ነሽ፣ አብረን እንማራለን። አባትሽ ያልጻፈልሽ አንድ ነገር አለ። ሻንጣውን አውርጄ ስከፍተው የእሱ ሁለት ሸሚዞች ተተኩሰውና ተጣጥፈው ከውስጥ አገኘሁ። መቼ እንዳስቀመጣቸው አላውቅም፣ አልጠየቅሁትምም። አላወጣኋቸውም። የግብዣውን ወረቀት የሁለት ሰው አድርገሽ እንደገና ላኪልን።