አዲሱ ጭንብል ለማን ጭንቅላት ነው?

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ወገብዎ እንዴት ሰንብቷል? ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ ተሽከርካሪ የቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለእኛ ሲያስቡልን የሚውሉ ሰው ስለሆኑ፣ ለወገብዎ ከልቤ እሰጋለሁ። የእኔ ወገብ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፤ ጣቢያችሁ ውስጥ ተቀምጬ ስለማላውቅ ይሆናል።

ምናልባት ላያውቁኝ ይችላሉና ራሴን ላስተዋውቅ። ቅዳሜ ማታ በሚተላለፈው የጠፈር ድራማችሁ፣ ከመርከቧ ባልደረቦች መካከል ሰው ያልሆነው፣ አረንጓዴው፣ ባለ ሦስት ዓይኑ መካኒክ፣ ድርሰቱም ተመልካቹም «እንግዳው» የሚሉት ፍጡር እኔ ነኝ። አዎ፣ ሴት ነኝ። ሦስተኛው ዓይን የሚርገበገበው ጥርሴ ውስጥ ነክሼ በያዝኩት ክር ስለሆነ ድምፄ ታፍኖ ይወጣል፤ ወንድ ያስመሰለኝም እሱ ነው።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ፊቴን አይታ ማን እንደሆንኩ ስላላወቀች አላስገባችኝም። በማግስቱ ጭንብሉን እንዳጠለቅኩ ስመጣ ግን እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አቅፋኝ ፎቶ ከተነሣች በኋላ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ብላ በፈገግታ ሸኘችኝ። ስለ መልካም አቀባበሏ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ባጁ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን በሩን የሚጠብቁት አባት ማን ነሽ ሲሉኝ፣ እኔ ሞኟ «እንግዳው ነኝ» ብዬ አረፍኩት። የድርሰቱን ፍጡር ማለቴ ነበር። እሳቸውስ ምን ያድርጉ? «እንግዳ» የሚል ቢጫ ባጅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ማታ ስወጣ ተቀበሉኝ፣ በማግስቱ መልሰው ሰጡኝ፣ እንዲሁ ስንሰጣጥና ስንቀባበል ከረምን። ቢጫውን ባጅ ያዩ የእርስዎ ሰዎች ደግሞ፣ በድራማው መጨረሻ የተዋንያን ስም ሲያልፍ እኔን ያለ ስም «እንግዳ ተዋናይ» ብለው ብቻ አለፉኝ። ካፒቴኑን የሚሠራው ቋሚ ነው፣ ሐኪሟን የምትሠራው ቋሚ ናት፣ «ጌታዬ ምግብ ቀርቧል» ብሎ ወዲያው በጨረር ተመትቶ የሞተው የመርከቧ ወጥ ቤት እንኳን ቋሚ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ አንድም ቀን ያልቀረሁት እኔ ግን እንግዳ ነኝ! ስሕተቱ እንዲታረምልኝ ስጠይቅ፣ ድርሰቱ ላይም እኮ እንግዳው ነው የሚለው ተብሎ ተመለሰልኝ። መቼም መልስ አያጡም፤ ለዚህም አደንቅዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንበሩ። በመርከቧ መቆጣጠሪያ ክፍል ለእያንዳንዱ ባልደረባ ወንበር ተሠርቷል፤ እንግዳው ግን በሩ አጠገብ ቆሞ ነው ከኮከብ ኮከብ የሚጓዘው። መርከቧ በተመታች ቁጥር ሰዎቹ ቀበቷቸውን ያጠብቃሉ፣ እኔ ግድግዳውን እቧጥጣለሁ። አናጢውን ምነው ለእኔ ረሳህ ስለው፣ እርስዎ «ባዕድ ፍጡር አይደክመውም» እንዳሉት ነገረኝ። እውነትዎን ነው። የሚደክመው ውስጡ ያለችው ሴት ናት።

ደግሞስ ይህ ምስኪን ያላደረገላችሁ ነገር አለ? የማይታወቅ ዓለም ላይ ሲወረድ በሩን ከፍቶ ቀድሞ የሚወጣው እሱ፣ ያልታወቀውን ፍሬ የሚቀምሰው እሱ፣ ቀልድ የማይገባው እሱ፣ ሰዎቹ ስለ ፍቅር ሲያስተምሩት አፉን ከፍቶ የሚሰማው እሱ። ከመርከቧ አንዲት ብሎን ስትጠፋ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረውም እሱ! ካፒቴኑ «ከመካከላችን ሰላይ አለ» ባለ ቁጥር ሁሉም እንደ አንድ ሰው ወደ በሩ ዞረው ያዩኛል። ሰላዩ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ይቅርታ የሚለኝ የለም፤ ጀርባዬን ቸብ ያደርጉና ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ይኸው አመል ከድራማው ሾልኮ ጣቢያው ውስጥ ገብቷል። ከመልበሻ ክፍሉ ማበጠሪያ ጠፍቶ የሁሉም ዓይን ያረፈው እኔ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ መላጣ ሆኜ በምውለው በእኔ ላይ!

ሦስተኛ፣ ስለ ቋንቋው። በመጀመሪያው ክፍል ድርሰቱ ላይ የተጻፈልኝ «እንግዳው በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ይናገራል» የሚል ብቻ ነበር። የሆነ ነገር! ካሜራው ሊነሣ ሲል ደራሲውን ምን ልበል ብለው፣ የመጣልሽን በይ አለኝ። እኔም በልጅነታችን ከእህቴ ጋር እናታችን እንዳትሰማን የምንጫወትባት መላ ትዝ አለችኝና፣ እያንዳንዱን ቃል ከጭራው ጀምሬ መናገር ያዝኩ። ሰላም ለማለት «ምላሰ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ የባዕዱ ቋንቋ በዚያው ጸና። ትርጉሙን የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም፤ ደራሲው ደስ ያለውን ከምስሉ ስር ይጽፍበታል። አንድ ቀን የካፒቴኑ ጢም እስኪቀባ ድረስ ምሳ ሰዓት አለፈብንና፣ ቢቸግረኝ በቀረጻው መሀል «ኝበራ» አልኩ። ራበኝ ማለቴ ነው። ከስር «ጠላት እየተቃረበ ነው» ተብሎ ተጻፈልኝ። ልጆች ምስጢሩን ከደረሱበት ቆይተዋል፤ በየሰፈሩ «ምላሰ» እየተባባሉ ይስቃሉ። እናንተ ግን በሥራ ብዛት ነው መሰለኝ አልሰማችሁም።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? ይሁን፣ ቁጥሩ ይቅርና ሆዴን የበላኝን ልንገርዎ።

ባለፈው ወር ጠርታችሁኝ፣ ታሪኩ አልቋልና እንግዳው ወደ አገሩ ይመለሳል ተባልኩ። አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ግን ድርሰት ነውና ምን ይደረጋል ብዬ ተቀበልኩ። የስንብቱን ትዕይንት ቀረጽን፣ መርከቧን ለጥገና አፈራረሷት፣ እኔም ቢጫ ባጄን ለመጨረሻ ጊዜ አስረከብኩ። የረሳሁትን ሹራብ ልወስድ ስመለስ ግን ጭንብል ሠሪያችንን ሥራ ላይ አገኘኋት። ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ሦስት ዓይን ጭንብል ተቀምጧል። ከእኔ ጭንቅላት በአራት ጣት ይሰፋል። እኔና እሷ እንደ እህትማማች ነን፤ ሙጫው አገጬን ሲልጠኝ ቅባት የምትቀባኝ እሷ ናት። ያን ቀን ግን ዓይኗን ሰበረች፤ ስለ አየሩ ሙቀት ታወራልኝ ጀመር። ክቡርነትዎ፣ እኔ የተማርኩት ጥቂት ነው፤ ሆኖም እንግዳው አገሩ ከገባ አዲሱ ጭንብል ለማን ጭንቅላት ነው?

ነገሩ ሸተተኝ። እግሬን ወደ ሻይ ክበቡ አቀናሁ። እዚያ የተከበሩት የባለቤትዎ ወንድም፣ ያ መለሎው ሰው፣ ተንደላቀው ሻይ ይጠጣሉ። በጣቢያው ምን እንደሚሠሩ አላውቅም፤ ባጃቸው ግን ሰማያዊ፣ የቋሚ ነው። በጀርባቸው ሳልፍ ጆሯቸው ጀርባ የጭንብሉን ጠርዝ የምንደብቅበትን አረንጓዴ ቀለም አየሁ። ያ ቀለም ፊት ላይ በሳሙና ይለቃል፤ ከጆሮ ጀርባ ግን ስንት ቀን ቢያሹት እንደማይለቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ዓመት እንግዳው «ናፈቃችሁኝ» ብሎ፣ ቁመቱ ጨምሮ ትከሻው ሰፍቶ ሊመለስ ነው ማለት ነው። ወደ አገሩ የተሸኘው እንግዳው ሳይሆን እኔ ነኛ! ለእሳቸው ወንበር እንደሚሠራላቸውም አልጠራጠርም፤ አናጢው አዲስ የወንበር ልክ ሲለካ አይቼዋለሁ።

እርስዎ በስብሰባ ላይ «ጭንብል ጭንብል ነው፣ ስሩ ማንም ቢሆን ማን ያውቃል» ማለትዎን ሰምቻለሁ። አላልኩም ብለው ያስተባብሉልኝ፣ ደስ ይለኛል። ካሉ ግን የሚያውቅ ሰው ላስተዋውቅዎ። እናቴ ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታየው አረንጓዴ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን እማማ ይሄ እኮ ወንድ ነው፣ ከሰውም አይደለም ብለው ሲስቁባት፣ ግራ ትከሻዋን ጣል አድርጋ የምትሄደው ልጄ ናት ብላ ትከራከራቸዋለች። ስሜ ተዋንያኑ መካከል ቢወጣላት ይህ ክርክር አንድ ቅዳሜ ያበቃ ነበር። አልወጣም፤ ልጅሽ የት አለች ሲሏት ወደ ቴሌቪዥኑ ትጠጋለች። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። አማችዎ ጭንብሉን ያጠለቁ ዕለት ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ ልጄ ምን ሆነች ብላ ትጮህብኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? እርስዎ መልስ አያጡምና ይላኩልኝ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እንግዳው የሚመለስ ከሆነ እኔው ልመለስ፤ ስሜ ከባልደረቦቼ ጋር ይጻፍ፤ ቢጫው ባጅ በሰማያዊ ይለወጥልኝ። ወንበሩን ለእርስዎ ደግነት ትቼዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ እስከ ዛሬም ፊቴን ከሙጫና ከቀለም ጋር ስላለማመዱልኝ፣ መቆምንም ስላስተማሩኝ ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአማችዎም የማይደክም ጥርስ እመኛለሁ።

ዛሬም ከበሩ ውጭ ቆማ በአክብሮት የምትጠብቅዎ፣
አረንጓዴዋ መካኒክ

በነገራችን ላይ፦ ባለፈው ቅዳሜ የስንብቱ ክፍል ሲተላለፍ እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው እንባዎን እንደጠረጉ ሰማሁ። ልቤ ተነካ። እንግዳው በሩ ላይ ቆሞ በቋንቋው ሲናገር፣ ደራሲው ከስር «ስለ መስተንግዷችሁ አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁኑ» ብሎ ጽፎ ነበር። በየቤቱ ልጆች ለምን በሳቅ እንደፈነዱ ግራ ከገባዎት፣ እኔ ያልኩት «ዳግንእ ምሁለደይአ፣ ምትየ ምድሄልአ» ነው። መርከቧ ፈርሳለችና ዳግም አይቀረጽም፤ በአገር ሙሉ ፊት አንዴ ተላልፏል። ልጆችዎን ቢጠይቋቸው ቃሉን ከጭራው አንብበው ይነግሩዎታል፦ «እንግዳ አይደለሁም፣ የትም አልሄድም።»