የክርስትና ስሜን ለጸሎት ብለው ለጠየቁኝ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር አቶ ኤልያቄም እንግዳወርቅ፣ የኮሌጃችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣ እንዲሁም የሠራተኞች ጽዋ ማኅበር ሙሴ፤
አምቦ።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ የሐምሌ ዝናብ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ መብራት በሄደ ቁጥርም የቢሮዎ ጄኔሬተር እንዳያስቸግርዎት ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ከጌዶ መጥቼ በሬጅስትራር ቢሮ የተማሪ ውጤት የምመዘግበው ወርቅቱ ጅሩ፣ በአምላክ ቸርነትና በራሴ ጥርጣሬ ተጠብቄ ደህና ነኝ።

ሐሙስ ዕለት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉትን፣ «ሠራተኞች በፓስወርድ ሳጥናቸው ውስጥ ኃላፊዎችን የሚዘልፍ ማስታወሻ ማስቀመጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማሳሰቢያ አንብቤ በእጅጉ ተደንቄአለሁ። በሕይወቴ ብዙ ማሳሰቢያ አይቻለሁ፤ ሰው በቆለፈው ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚጽፍ የሚጨነቅ ኃላፊ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ። አሁን የሥራ ባልደረባዬ የወይዘሮ ሰሎሜ ወልደሰንበት እንጀራ ሰኞ በሚሰበሰበው የዲሲፕሊን ኮሚቴ እጅ ስላለ፣ ሰዓትዎን እንዳልሻማ ቅሬታዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. ክረምቱ ሳይገባ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በነጻ የሚገኝና በሁሉም ማሽን የሚሠራ የፓስወርድ ማስቀመጫ እንዲመርጥ አዘዙን። ነገሩ የሰውን ፓስወርድ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ዋና ቁልፍ የሚዘጋ ፕሮግራም መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱን እግዜር ይስጥልን። ይሁን እንጂ ኮሌጃችን እንደ ኖኅ መርከብ ከየዓይነቱ የተሰበሰበበት መሆኑን እርስዎም ያውቁታል። የሬጅስትራር ኮምፒውተር ያረጀ ዊንዶውስ ነው፤ በእርዳታ የመጡት የቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ሊኑክስ ናቸው፤ የእኛ ስልክ አንድሮይድ ሲሆን ዲናችን ደግሞ ከአይፎናቸው አይለዩም። አንዱን ማስቀመጫ ወደድነው ስንል ሊኑክስን አላውቅም አለን። ሌላው ነጻ ነኝ ብሎ ስልክ ላይ ከገባ በኋላ ለኮምፒውተሩ ክፈሉ አለ። አንዱ ደግሞ ሁሉን እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ የተቃጠለ ዕለት ፓስወርዱም አብሮ ይቀበራል። ብራውዘሩ ራሱ ላስቀምጥልሽ ሲለኝም፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሳጥኑ ባለቤት እንደሚሆን አሰብኩና እምቢ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ የማላውቀው ድርጅት ምስጢሬን በነጻ ሊጠብቅልኝ ሲሽቀዳደም ምን አግኝቶብኝ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ። በመጨረሻ አሠራሩ ለማንም ክፍት የሆነውን፣ ባለቤቶቹም የእኛን ምስጢር ማንበብ አይችሉም የተባለለትንና በሁሉም ማሽን የሚከፈተውን አንዱን መረጥን። ይህን ሁሉ ቀን ስጠረጥር የከረምኩት ፕሮግራሙን ብቻ ነበር።

፪. ዋናው ቁልፍ ከተረሳ ማንም ሊመልሰው እንደማይችል ሲነግሩን ሁላችንም ፈራን። ያን ጊዜ መላ ያመጡልን እርስዎ ነዎት። ሰው የማይረሳው፣ በቢሮም ማንም የማያውቅለት ቃል የክርስትና ስሙ ነውና እሱን አድርጉ አሉን። እርግጥ በእኛ ልማድ የክርስትና ስም ከንስሐ አባትና ከቤተ ዘመድ አያልፍም። እናቴም፣ ያንን ስም ከእናት ስም ጋር አጣምሮ ለሚጠይቅ ሰው አትንገሪ፣ መተት የሚሠራው በሁለቱ ነው እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ምክርዎ ለሁላችንም የተባረከ መሰለን።

የዘነጋነው አንድ ነገር ነው። የጽዋው ማኅበር በየወሩ ሲሰበሰብ ካህኑ ለአባላቱ የሚጸልዩት በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ነው፤ የዘነጉትን ስም ከጎናቸው ሆነው የሚያስታውሷቸውም ሙሴው፣ ማለትም ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት። እንግዲህ የማኅበሩን አባል ሁሉ ዋና ቁልፍ በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ምክሩን የሰጠንም እሱ ነው። አርቆ አሳቢነትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

፫. ሰሎሜ የአባቷን ሙት ዓመት ልታወጣ አዲስ ዓለም በሄደችበት ቀን፣ የውጤት መመዝገቢያው በእርሷ ስም ተከፍቶ የወደቀ ተማሪ እንዲያልፍ ተደረገ። ተማሪው የእህትዎ ልጅ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ስለማይገባ አላነሳውም። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ፓስወርዱ የሰሎሜ ከሆነ እጁም የሰሎሜ ነው፣ ሳጥኑ በስልክም ስለሚሠራ አዲስ ዓለም ሆና ልትከፍተው ትችላለች ብለው ሪፖርት ጻፉ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነበር። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ሴት ከሥራና ከደመወዝ ታገደች። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት አላለቀሰችም። «ስሜን ለካህኑ የሰጠሁት ለነፍሴ ብዬ ነው፤ ማሽን ውስጥ የከተትኩት እሳቸው ስላሉኝ ነው። አሁን በዚያው ስም ሌባ ተባልኩ» አለችኝ። እኔም ይህን በትሕትና ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

፬. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ሰሎሜ ከታገደች በኋላ ውጤት የማስተካከል ፈቃድ ያለው መዝጋቢ ከእኔ በቀር አልቀረም። በዚያው ሳምንት ወደ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው፣ ማኅበሩ ውስጥ ገና ባትገቢም በጸሎት እንድትታሰቢ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ አሉኝ። እኔም ወለተ ሰንበት ነው አልኩዎት። በዚህ ዘመን ለበታች ሠራተኛ ነፍስ እንዲህ የሚጨነቅ ኃላፊ ከየት ይገኛል?

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰሎሜ ወደ ወንበሯ እንድትመለስ ቃልዎን እንዲሰጡልኝ፣ ስለ ሐሙሱ ማሳሰቢያዎም መነሻውን እንዲያስረዱን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ስምዎ በሰው አፍ እንዳይገባ፣ የእህትዎ ልጅም በራሱ ጥናት የሚያልፍበትን ቀን ለማየት ያብቃዎት እያልኩ፣ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ፣ ዓይኔን ግን ከእርስዎ ሳላነሳ እጅ እነሳለሁ።

ወርቅቱ ጅሩ
ከሬጅስትራር ቢሮ

ግልባጭ፦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳው።

ተጨማሪ፦ የክርስትና ስሜ ወለተ ሰንበት አይደለም። አምላክ ይቅር ይበለኝ፤ ያንን ስም ያወጣሁት እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው፤ የነገርኩትም ለእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ እንደሄዱ ፓስወርዶቼን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩና የሳጥኔን ዋና ቁልፍ ወደ ወለተ ሰንበት ቀየርኩት። ውስጡ የተውኩት አንዲት ማስታወሻ ብቻ ነበረች፦ «ኦቦ ኤልያቄም፣ ባጋ ነጋን ዱፍተን፤ እንኳን በደህና መጡ። የሰሎሜን ስም ሰርቀው የጠገቡ መስሎኝ ነበር።» ይህንን ለሰሎሜ እንኳ አልነገርኳትም። ረቡዕ እህቴን ልጠይቅ ጌዶ ሄጄ ሐሙስ ስመለስ፣ በሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ ዘለፋ ያወጡት ማሳሰቢያ በፊርማዎና በማኅተምዎ ተለጥፎ ጠበቀኝ። እባክዎን ከሰሌዳው አያንሱት፤ ሰኞ ለሰሎሜ የሚመሰክርላት እሱ ነው። ቢያነሱትም አይጨነቁ፤ ፎቶውን ለኮሚቴው አባላት ሁሉ ልኬላቸዋለሁ።