የልጄ ጥቁር ቅጠሎች

ጥቅምት 9

ልብስ እየተኮስኩ ነበር። የልጄን ሰማያዊ ሸሚዝ። ስልክ ጮኸ፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ነው። “እናቱ ነዎት?” አለኝ። ነኝ አልኩ። “እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።” አልተቀመጥኩም። የመብራት መስመር ሲጠግን ከመሰላል ወደቀ አለኝ። “የት ሆስፒታል ነው?” አልኩት። “ሆስፒታል አልደረሰም” አለኝ። ካውያውን ነቀልኩ። ልጅሽ ሞተ እየተባልኩ ካውያ ነቀልኩ።

ጥቅምት 17

ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ቤቱ ገና ዛሬ ጭር አለ።

ክፍሉን ከፈትኩት። አልጋው እሱ እንዳነጠፈው ነው። መስኮቱ ሥር ቤጎኒያ የሚላቸው አበቦቹ በየመትከያቸው ተደርድረዋል። ቅጠላቸው ጥቁር፣ በጀርባው ደም የመሰለ ቀይ። አንዷማ ጭራሽ ከሰል ናት፤ ስሟንም “ከሰሏ” ነበር የሚላት። ሲያመጣት አባቱ ምን አለው? “አበባ ብለህ ቅጠል ትሰበስባለህ! ክፍሉን ልቅሶ ቤት አስመሰልከው እኮ።” እሱ ሳቀ። “አባዬ፣ አንተስ ፀጉር አታበቅልም፤ ጣልንህ እንዴ?”

አፈሩ ደርቋል። ማን አስታወሳቸው? አንድ አንድ ኩባያ አጠጣኋቸው። እነዚህ እንኳን አይሞቱብኝም።

ጥቅምት 24

መጋረጃውን ገለጥኩላቸው። ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ፀሐይ ይሙቁ።

ጥቅምት 27

ጠርዛቸው ተቃጠለ። እንደ ወረቀት ይፈረፈራል። “እማ፣ ብርሃን እንጂ ፀሐይ አይወዱም” ይል ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? አሁን ማንን ልጠይቅ?

መጋረጃውን መለስኩ።

ኅዳር 3

አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ውሃ የጠማው ሰው ይመስላሉ። አጠጣሁ። ቅጠላቸውንም በጨርቅ ወለወልኩላቸው... የልጅ ፊት እንደሚታጠብ።

ኅዳር 8

ከከሰሏና ከአንዲት ሌላ በቀር ሁሉም ሄዱ። ሳነሣቸው ግንዳቸው እንደ በሰበሰ ሙዝ እጄ ላይ ቀረ። እኅቴ መጥታ ነበር። “በቃ ተያቸው የኔ እናት፣ አበባ ናቸው እኮ” አለችኝ።

አበባ ናቸው...

ኅዳር 11

ሌላዋን በፌስታል ይዤ እሱ ከሚገዛበት ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች።

“እናቴ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው። ውሃ በልቷታል።”

“አንገቷን ስትደፋ ጠምቷት መስሎኝ...”

“ውሃ ሲበዛም ይደፋሉ። ሥሯ ከበሰበሰ ምኑን ትጠጣዋለች?”

አልፎ አልፎ እንጂ አላጠጣም ብዬ ማልኩላት። ቀና ብላ አየችኝ። አላመነችኝም። ግን እውነቴን ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ኅዳር 14

ጠዋት ከክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ገባሁ... አባቱ ነው። ጢሙን የሚላጭበትን ኩባያ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ከሰሏን ያጠጣል።

“ምን እያደረግህ ነው?”

እንደ ሌባ ደነገጠ። “ደርቃ እንዳትሞት ብዬ...”

“በየስንት ጊዜው?”

“ሥራ ከመሄዴ በፊት። ሁልጊዜ።”

ዘወር ስል ትንሿ ልጃችን በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇን አፏ ላይ ጭና። “እኔም ከትምህርት ቤት ስመጣ አጠጣቸዋለሁ” አለች።

ሦስታችንም አልጋው ላይ ቁጭ አልን። እሱ ከሄደ ወዲህ ያ አልጋ ሰው አልተቀመጠበትም። “ተባብረን ጨረስናቸው በሉኛ” አለ አባቱ። ሳቅ ጀመረ። ሳቁ መሀል ላይ ተበላሸበት። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰም ነበር።

ኅዳር 16

ሌላዋ ሞተች፤ ከሰሏም አንገቷን ደፋች። ችግኝ ሻጯ መላውን ነገረችኝ። የከሰሏ ግንድ አይድንም፤ ደህና ቅጠል ተቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ ይተኛል፣ በላስቲክ ይሸፈናል። ከጅማቱ ላይ ትንንሽ ልጆች ታወጣለች። “ካወጣች” አለች። “ከዚያ በኋላ እንዳትነኳት።”

አባቱ በምላጭ አንዲት ቅጠሏን ቆረጠ። ማንም አይነካትም ተባባልን።

ታኅሣሥ 2

አልነካናትም። በር ላይ ቆመን እናያታለን። ትንሿ አባቷን “አባዬ፣ ኧረ አትተንፍስባት!” ትለዋለች።

እጄ ሥራ ፈታ። ምን ላድርገው?

ታኅሣሥ 20

ላስቲኩን ስገልጥ ሸተተችኝ። በስብሳለች።

አጠጣናቸው፣ ሞቱ። ተውናት፣ ሞተች። ችግኝ ሻጯ “ያጋጥማል እናቴ፣ ሌላ ልስጥዎት” አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። ሌላ ምን ያደርግልኛል?

ጥር 5

ዛሬ አባቱ ባዶዎቹን መትከያዎች አጠበ፤ እኔ አፈሩን ደጅ ደፋሁ። አብረን ሠራነው። ማንም ከማንም አልተደበቀም። መስኮቱ ሥር አሁን ምንም የለም።

ከእንግዲህ ለልጄ የማደርግለት ነገር የለኝም። ጸሎት ብቻ ቀረኝ። እሱንም ሞከርኩት። አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ፣ ሥራ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ጠዋት ጠዋት የምለው ነው፦ “በሰላም መልስልኝ።” ሌላ አላውቅም። ለሞተ ልጅ ምን ተብሎ ይጸለያል? አባቱን ጠየቅሁት። “እኔም በሰላም መልስልኝ ነው የምለው” አለኝ።

ይህን ለራሴ ነበር የምጽፈው። ምናልባት አንድ ቀን ሰው እጅ ከገባ... እናንተ የምታነቡት፣ ማንም ሁኑ፣ ቃሉን የምታውቁት ከሆነ ለልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። እኔ እስክማር ድረስ እናንተ በሉልኝ።